አደጋ ያልተመዘገበው ስለማንሻገር ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ብዙ ጊዜ አነባለሁ፣ ደብዳቤ ስፅፍላችሁ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ከረዘመባችሁ ቁረጡት፣ ቁጥሮቹን ብቻ እባካችሁ አትንኩብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ የሰፈር ነዋሪዎች ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ስላለው መንገድ ፊርማ አሰባስበን ለአካባቢው ምክር ቤት አስገብተን ነበር። የጠየቅነው ብዙ አይደለም፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ በደንብ የሚታይ ዜብራ፣ እግረኛ አስፋልት ላይ እንዳይወርድ የሚያደርግ የእግረኛ መንገድ፣ ከተቃጠለ የቆየው የመንገድ መብራት እንዲቀየር እና ክዳኑ የጠፋው ማንሆል እንዲከደን። ከወራት በኋላ መልስ መጣ። በአጭሩ ሲነበብ፣ በቦታው የተመዘገበ የሞት አደጋ ስለሌለ ለአሁኑ ቅድሚያ አይሰጠውም ነው የሚለው።

ውሸት ነው አላልኩም፣ እውነታቸውን ነው ማንም አልሞተም። ግን ለምን እንዳልሞተ የጠየቀ ሰው የለም እኮ! ያልሞተው መንገዱ ደህና ስለሆነ ሳይሆን ሰው ስለፈራው ነው። ጎረቤቴ ልጇን እጁን ይዛ ታሻግረዋለች፣ ልጁ 11 ዓመቱ ነው፣ በሱ እድሜ እኛ ብቻችንን ነበር የምንሄደው። ከፊት ለፊት ያሉት ሽማግሌ ማታ ማታ ወዳጃቸው ጋር ሄደው መጫወት ከተዉ ቆይተዋል፣ ለምን ቢባሉ ጉልበቴ ነው ይላሉ፣ ጉልበታቸው ግን ቀን ላይ ደህና ነው፣ ማታ ያ መብራት ስለማይበራ ነው። እኔ ራሴ ለመሻገር ብዬ እስከ ላይኛው መስቀለኛ ድረስ ሄጄ ዞሬ እመለሳለሁ። ይሄ ሁሉ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገባም። ሰው ያልተሻገረበት መንገድ ወረቀት ላይ ሲታይ ምርጥ መንገድ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን ደብዳቤ ስንፅፍ ስልት ቀየርን። መጀመሪያ ላይ የኛም ጥፋት ነበረበት፣ "መኪና በጣም ይበርራል" ብለን ነው የፃፍነው፣ በጣም ማለት ስንት ነው? ለሹፌሩ በጣም አይደለም። አንድ መሀንዲስ ጎረቤታችን ቀላል ዘዴ አሳየን፣ እናንተም ሰፈር ይጠቅማል። በሜትር 100 ሜትር ትለኩና ሁለት ጫፍ ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ፣ ከዛ በስልክ ሰዓት መኪናው ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ሁለተኛው ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ትይዛላችሁ። 12 ሰከንድ ከፈጀ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው፣ 7.2 ከሆነ 50፣ 6 ሰከንድ ከሆነ 60። በቃ ይሄው ነው፣ ራዳር ምናምን አያስፈልገውም። እኛ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ቆመን ስንይዝ 12 ሰከንድ የፈጀ መኪና ለማየት ብዙ ነው የጠበቅነው፣ እሱም ከፊቱ ጋሪ ስለነበረ ነው።

30 እና 50 ምን ለያየው የሚል ሹፌር አይጠፋም፣ እኔም መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ መሪ ስይዝ ልዩነቱ አይሰማኝም። ግን ሂሳቡን እዩት። ልጅ ድንገት ገባ እንበልና ሹፌሩ አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል ብለን እንያዝ። በ50 የሚሄድ መኪና በዛች አንድ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ገና ፍሬን ሳይነካ። በ30 የሚሄደው ግን 8 ሜትር ሄዶ፣ ፍሬን ይዞ፣ ደረቅ አስፋልት ከሆነ 13 ሜትር አካባቢ ላይ ቆሟል። ማለትም አንዱ ሙሉ በሙሉ በቆመበት ቦታ ላይ ሌላው ፍሬን እንኳን አልያዘም፣ በ50 እንደሄደ ነው የሚመታው። ዝናብ ከጨመራችሁበት ደግሞ ሌላ ነው። ይሄንን ለምክር ቤቱ በስእል ሰርተን ነው ያስገባነው፣ መሀንዲሱ እጁ ጥሩ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2021 በመንገድ አደጋ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው ሞቷል፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችና ወጣቶችን ከምንም በላይ የሚገድለውም ይሄው የመንገድ አደጋ ነው። ከሟቾቹ ከግማሽ በላዩ እግረኛ፣ ብስክሌት ነጂና ሞተረኛ ነው፣ ብረት ውስጥ ያልተቀመጠው ማለት ነው። የተባበሩት መንግስታትም እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2030 ባለው ጊዜ ሞቱን በግማሽ እንቀንስ ብሎ ወስኗል። የኛ መንገድ እዛ ቁጥር ውስጥ እስኪገባ መጠበቅ ምን የሚሉት አሰራር ነው?

አይቻልም እንዳይባል ደግሞ የፊንላንድ ዋና ከተማ የሄልሲንኪን ነገር አያይዘናል። ከ6 መቶ ሺህ ሰው በላይ የሚኖርባት ከተማ ናት፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ሐምሌ ድረስ ባለው አንድ ዓመት አንድም ሰው በትራፊክ አደጋ አልሞተባትም። ተአምር አይደለም፣ ለረጅም ዓመታት ሲሰሩ ቆይተው ከግማሽ በላይ በሚሆነው መንገዳቸው ላይ የፍጥነት ወሰኑን 30 አድርገውታል፣ መንገዱንም አጥብበውታል። ሆላንድም ዛሬ ሁሉም የሚያደንቀው ብስክሌቷ ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ1971 ከ3 ሺህ በላይ ሰው በመኪና አደጋ ሞቶ ነበር፣ ከ4 መቶ በላዩ ህፃናት፣ ወላጆች ናቸው አደባባይ ወጥተው "የህፃናት ግድያ ይቁም" ብለው መንግስትን ያስጨነቁት። እነሱም እንደኛው ተራ የሰፈር ሰዎች ናቸው።

ስለ ጉብታው አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሰፈራችን ውስጥ በራሳችን ድንጋይና ሲሚንቶ እንሥራው የሚሉ ልጆች አሉ። ንዴታቸው ይገባኛል ግን አይሆንም። እንደ ግንብ ቀጥ ያለ ጉብታ ሞተረኛ ይጥላል፣ አምቡላንስ ውስጥ የተኛውን በሽተኛ ያሰቃያል፣ ማታ ላይ መብራት በሌለበት ደግሞ ራሱ አደጋ ነው። በትክክል የተሰራው ሰፊና ለስላሳ ነው፣ እንግሊዞቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሞከሩት የታወቀው ዓይነት 3.7 ሜትር ርዝመትና ቢበዛ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ነበረው፣ ቀስ ብሎ ለሚያልፍ ምንም አይደለም፣ ለሚበር ነው የሚያንገጫግጨው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ዜብራውን ራሱን ከፍ አድርጎ ጉብታው ላይ መስራት ነው፣ እግረኛውም ከፍ ብሎ ይታያል መኪናውም ይቀንሳል። ዜብራ ቀለም ብቻውን ግን አትስጡን፣ ፍጥነቱ ካልቀነሰ ቀለም ማንንም አያቆምም፣ ልጆቹን ብቻ ነው የሚያታልለው። ከዜብራው ጎን መኪና ማቆምም ይከልከል፣ ትንሽ ልጅ ከቆመ መኪና ኋላ ብቅ ሲል ሹፌሩ የሚያየው አጠገቡ ከደረሰ በኋላ ነው። (ይሄን ስንፅፍ ከፈራሚዎቹ አንዱ ቅር ብሎታል፣ መኪናውን እዛው ነው የሚያቆመው። ፈርሟል ግን።)

በጀት የለም ከተባለ ይገባናል፣ የእግረኛ መንገዱ ገንዘብ ይፈልጋል፣ እሱ ይጠብቅ። አምፖል መቀየርና ማንሆል መክደን ግን በጀት ሳይሆን አንድ ቀን ነው የሚፈልገው። ከምክር ቤቱ የምንፈልገውም "ጥናት ላይ ነው" የሚል ቃል ሳይሆን ማን፣ መቼ፣ ምን ይሰራል የሚል ወረቀት ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤያችንን ሦስት ቢሮ ሲያዟዙሩት ከረሙ፣ አንዱ የመንገድ ክፍል ነው ይላል፣ የመንገድ ክፍሉ የትራፊክ ነው ይላል፣ ትራፊኩ ደግሞ እኛ የምንቀጣ እንጂ የምንሰራ አይደለንም ይላል። ልክ ናቸው ሦስቱም፣ እኛ ግን አስፋልቱ ላይ ሦስት ሆነን አንሻገርም።

ሁለተኛው ደብዳቤ ገብቷል፣ ማህተም ተመቶበት ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ኮፒው እጃችን ላይ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ትምህርት ቤት ሲለቀቅ መለካታችንን እንቀጥላለን፣ ለምክር ቤቱ አባላትም ኑና አብራችሁን ያዙ ብለን ነግረናል። የሚመጣ ካለ ከበሩ ፊት ለፊት ዛፉ ስር ነው የምንቆመው፣ ስልኩን ቻርጅ አድርጎ ይምጣ፣ ባለፈው የኔ መሀል ላይ ጠፍቶብኝ ነበር።

አንድ የሰፈሩ ነዋሪ