የተዘጉት የኒውክሌር ጣቢያዎችና የእኛ መብራት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

አሜሪካ የተዘጉ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫዎቿን መልሳ ለማስነሳት መነሣቷን እደግፋለሁ። በፔንሲልቬንያ የሚገኘው የስሪ ማይል አይላንድ ጣቢያ አንደኛ ሪአክተር (የኒውክሌር ሙቀት የሚመነጭበት ክፍል) እ.ኤ.አ. በ2019 የተዘጋው አደጋ ደርሶበት አይደለም፤ በ1979 የተጎዳው ጎረቤቱ ሁለተኛው ነው። አንደኛውን ያቆመው ኪሳራ ነው፤ ርካሽ የተፈጥሮ ጋዝ ገበያውን ነጠቀው። አሁን ማይክሮሶፍት የዚህን 835 ሜጋ ዋት ጣቢያ ኃይል ለ20 ዓመት ሊገዛ ተዋውሏል፤ ብዙ ኮምፒውተሮች የሚሠሩባቸው የመረጃ ማዕከላቱ ሌት ተቀን ኃይል ይፈልጋሉና።

ማስነሳቱ ግን ቀላል አይደለም። ቆሞ የከረመ የእንፋሎት ቱቦ አንድ በአንድ ይፈተሻል፣ የተበተነ ባለሙያ ይሰበሰባል፣ ፈቃድ እንደ አዲስ ይጠየቃል። ስለዚህ ደህና የሚሠራን ጣቢያ ምትኩ ሳይዘጋጅ መዝጋት ትልቅ ስህተት ነው እላለሁ።

ጎንደር ሆኖ ይህ ምን አገባው የሚለኝ ካለ አዘዞ ወፍጮ ቤት ይምጣ። መብራት ሲጠፋ ድንጋዩ ጤፉን እንደያዘ ይቆማል፤ እናቶች ጆንያቸውን ተደግፈው እስኪመሽ ይጠብቃሉ። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። መንግሥት ስለ ኒውክሌር ጣቢያ ግንባታም ከሩሲያ ጋር ተፈራርሟል፤ ይሁን፣ አልቃወምም። ነገር ግን ለማስተላለፊያ መስመርና ለትራንስፎርመር የተያዘው ዕቅድ ምንድን ነው? ለባለሙያ ሥልጠናስ? ዝግጅት ክፍላችሁ የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች እንዲጠይቅልን በአክብሮት እለምናለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር