ከምልክቱ በፊት ቀለሙን ሞክሩት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በገጠር መስቀለኛ መንገድ ላይ አደጋ በደረሰ ቁጥር የሚቀርበው መፍትሔ ሌላ የፍጥነት ገደብ ምልክት መትከል ነው። ሾፌር ግን ከምልክቱ ይልቅ መንገዱን ያምናል፤ ሰፊና ቀጥ ያለ አስፋልት ካየ ይነዳዋል። ወደ መገናኛው ሲጠጉ ርቀታቸው እየጠበበ የሚሄድ አግድም መስመሮች ቢቀቡ፣ ፍጥነቱ የጨመረ ይመስለውና ሳያስበው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያነሣል። እንግሊዞች ይህን ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአደባባይ መዳረሻዎች ይጠቀሙበታል። ጠርዙ ላይ መስመር ቀብቶ መንገዱን ጠባብ ማስመሰልም ይረዳል።

እርግጥ ቀለም ይደበዝዛል፤ ለማደሻው በጀት የሚይዝ መሥሪያ ቤትም ብርቅ ነው! ቢሆንም ፍጥነት በሰዓት ከ80 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ሲወርድ የተሽከርካሪው የግጭት ጉልበት በ44 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ለጥቂት ባልዲ ቀለም ይህ ውድ አይደለም።

አንድ አንባቢ