የግሩፕ አሳይመንት ማርክ ለማን ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የፋይናንስ መግቢያ ኮርስ አስተምራለሁ። ስለ ግሩፕ አሳይመንት አንድ ነገር ልበል። አምስት ተማሪ ይመደባል። አንዱ ሲሠራ ያድራል፤ አራቱ ስማቸውን ያስገባሉ። ማርኩ ግን እኩል ነው። ይሄ አይዋጥልኝም።

የኮርሱ እምብርት የገንዘብ የጊዜ ዋጋ ነው፤ ዛሬ በእጅ ያለ ብር ወለድ ስለሚያፈራ፣ ነገ ከሚገኝ ያው ብር ይበልጣል ማለት ነው። 10,000 ብር በዓመት 10 በመቶ ወለድ ቢታሰብለት ከሁለት ዓመት በኋላ ስንት ይሆናል? 12,000 ብሎ የሚጽፍ ሞልቷል። ወለዱም ወለድ ስለሚያፈራ መልሱ 12,100 ነው። ይህቺ 100 ብር ከየት እንደመጣች ያልገባው ተማሪ፣ ቦንድም (ወለድ የሚከፈልበት የብድር ሰነድ) ሆነ የብድር አከፋፈል ላይ ሲደርስ ግራ ይጋባል። የግሩፕ ማርክ ደግሞ ማን እንደገባው አያሳይም። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የሚሰጥ አጭር ኩዊዝ ይሻላል፤ ያውም ስሌቱን ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ። ቀመሩን በትክክል ጽፎ ካልኩሌተር ላይ የሳተ ልጅ ዜሮ አይገባውም።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና እንደሆነ በግሩፕ አይሠራም። 50 በመቶውን እያንዳንዱ ለብቻው ማምጣት አለበት።

የግሩፕ ሥራ ይቅር አላልኩም። ክፍሉ ሰፊ ስለሆነ ሁሉንም መጠየቅ አይቻልም የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ከየግሩፑ አንዱን በዕጣ አስነስቶ «እስቲ አስረዳን» ማለት ግን ይቻላል።

አክባሪዎ፣
አንድ የፋይናንስ መምህር