ደጅ የሚጠናው ሰጪው የሆነበት ማኅበር

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ፣ በጋዜጣዎ ዓምዶች ስለ ድህነትና ስለ ዕርዳታ በየጊዜው ብዙ ሲባል እያነበብሁ፣ እስከ ተቸገረው ሰው ደጅ ድረስ በእግራቸው ሄደው በር ስለሚያንኳኩት ሰዎች ግን እምብዛም የተጻፈ ነገር አለማግኘቴ ነው። ስለዚህ ሁለት መቶኛ ዓመቱን ለማክበር ጥቂት ስለቀረው፣ የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር ስለሚባለው የካቶሊክ ምእመናን የበጎ አድራጎት ማኅበር አንዳንድ ነገር እንድል ዕድል እንዲሰጡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ለእርስዎ ለጋዜጣ ሰው ይህ ማኅበር ባዕድ ሊሆን አይገባም፤ የተወለደው በጋዜጣ ቢሮ ውስጥ ነውና። መሥራቾቹ ሰባት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰቡት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 1833 በፓሪስ ከተማ፣ «ትሪቡን ካቶሊክ» ይባል በነበረው ጋዜጣ ቢሮ ነበር። ከሰባቱ ስድስቱ ወጣት ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ሰባተኛውና በዕድሜ ታላቃቸው የጋዜጣው አዘጋጅ ኢማኑኤል ባዪ ነበሩ፤ የማኅበሩ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡትም እርሳቸው ናቸው። የሐሳቡ ዋና አንቀሳቃሽ ፍሬዴሪክ ኦዛናም በጊዜው የሕግ ተማሪ ነበር፤ በዚያች ዕለት ሃያ ዓመት ሞላው።

አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የኮሌራ ወረርሽኝ ፓሪስ ገብቶ ከ18,000 በላይ ሰው ፈጅቷል። አባወራ የሞተባቸው፣ ልጆች ያለ አሳዳጊ የቀሩባቸው ቤቶች በየመንደሩ ነበሩ። ኦዛናምና ጓደኞቹ ግን በዚያ ወቅት በየሳምንቱ እየተገናኙ ስለ ታሪክ፣ ስለ ፍልስፍናና ስለ ሃይማኖት ይከራከሩ ነበር። በአንዱ ክርክር መሐል ተቃዋሚዎቻቸው፣ ክርስትና በጥንት ዘመን ታላቅ ሥራ መሥራቱን እንደማይክዱ ገልጸው፣ አሁን እነርሱ ራሳቸው ለድሃው ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቋቸው። ኦዛናም በኋላ በሶርቦን የውጭ አገር ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ለመሆን የበቃ ሰው ነውና ለዚህ የሚሆን መልስ ከአንደበቱ አይጠፋም ነበር። እርሱ ግን ተከራክሮ መርታቱን ትቶ ጥያቄው እውነት እንዳለበት አመነ። በሃያ ዓመቱ ተቃዋሚው ልክ መሆኑን ተቀብሎ ከመድረክ ወርዶ ወደ ሥራ የሚሄድ ወጣት በየትኛውም ዘመን ብዙ አይገኝም። በዚያው ሰሞን ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ ለክረምት ብርድ ካስቀመጡት ማገዶ የተረፋቸውን ተሸክመው ባሏ በኮሌራ ለሞተባት ሴት እንዳደረሱላት በማኅበሩ ዘንድ እስከ ዛሬ ይነገራል።

ፍላጎቱ ይኑራቸው እንጂ ወደ ማን ቤት እንደሚሄዱ፣ ገብተውም ምን እንደሚሉ አያውቁም ነበር። ያስተማረቻቸው ሲስተር ሮዛሊ ራንዱ የምትባል መነኩሲት ናት። ይህች ሴት ሙፍታር በሚባለው የፓሪስ የድሆች ሠፈር ለአሥርተ ዓመታት ስትሠራ የኖረች፣ የእያንዳንዱን ቤት ጓዳ የምታውቅ ነበረች። ለወጣቶቹ የሚጎበኟቸውን ቤተሰቦች ጠቁማ፣ ለዳቦ የሚሆን ኩፖንም ከራሷ ሰጥታ ላከቻቸው፤ ድሃውን በትዕግሥት እንዲያዳምጡት፣ እንዳይፈርዱበትም መከረቻቸው። የመሥራቾቹ ስም በየመጽሐፉ ሲጠራ የእርሷ በኅዳግ መቅረቱ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። እ.ኤ.አ. በ2003 ብፅዕናዋ፣ ማለትም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ከመባል በፊት ያለው ማዕረግ፣ መታወጁ ግን ደስ አሰኝቶኛል።

ሲስተር ሮዛሊ የነበረችበትን የእኅቶች ማኅበር ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ከቅድስት ሉዊዝ ደ ማሪያክ ጋር የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1633፣ ማለትም ተማሪዎቹ ከመሰብሰባቸው ልክ ሁለት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ወጣቶቹ ማኅበራቸውን በስሙ የሰየሙለት ይህ ካህን የገበሬ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1617 ሻቲዮን በምትባል መንደር ሲያገለግል፣ አንድ ቤተሰብ ሙሉ በሙሉ ታምሞ የሚያስታምመው ማጣቱን ሰምቶ ለምእመናኑ ነገራቸው። ከሰዓት በኋላ ወደ ሕሙማኑ ቤት ሲሄድ መንገዱ ምግብ በተሸከሙ ሰዎች ተሞልቶ አገኘው። ሌላው ካህን ቢሆን በሕዝቡ ደግነት ተደስቶ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ቪንሰንት ግን ዛሬ የተትረፈረፈው ምግብ ተበላሽቶ ሕሙማኑ ነገ መልሰው እንደሚራቡ አሰበ፤ የጎደለው ርኅራኄ ሳይሆን ሥርዓት መሆኑን ተረድቶም የመንደሩን ሴቶች በተራ በተራ የሚያስታምሙበትን ማኅበር አቋቋመ። ቸርነት ተራና ቀጠሮ እንደሚያስፈልገው የተረዳ ሰው ስለነበር፣ ዛሬም በስሙ የሚጠራው ማኅበር በየሳምንቱ ስብሰባ፣ በቃለ ጉባኤና በተመደበ የጉብኝት ቀን የሚሠራ መሆኑ አያስገርመኝም።

ክቡር አዘጋጅ፣ የደብዳቤዬ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። የተቸገረ ሰው ከረኃቡ እኩል የሚከብደው ደጅ መጥናቱ ነው። የሰው ፊት እሳት ነው የሚባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። በአብዛኛው የዕርዳታ ሥራ ተቸጋሪው ይሄዳል፣ ይሰለፋል፣ ይመዘገባል፣ ችግሩን በሰው ፊት ይዘረዝራል፣ ማስረጃ አምጣ ይባላል፤ ሰጪው ደግሞ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ኦዛናምና ጓደኞቹ ይህን ሥርዓት ገለበጡት። እነርሱ በጀመሩት አሠራር በር የሚያንኳኳው፣ ግቡ እስኪባል ውጭ የሚቆመው፣ ተቀመጡ የተባለበት ቦታ የሚቀመጠው ሰጪው ነው፤ ባለቤቱ ድሃው ነው። የማኅበሩ ሌሎች ሥራዎች ሁሉ፣ ያገለገለ ልብስ የሚሸጥባቸው ሱቆችም፣ የምግብ ማደያዎቹም፣ የመጠለያ ቤቶቹም፣ ከዚህ ከአንዱ ልማድ የፈለቁ ይመስለኛል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። አባቴ በሞተ በዓመቱ እናቴ ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ ድርጅት የእህል ዕርዳታ ለመቀበል በሄደችበት ቀን አብሬያት ነበርሁ። ረጅም ሰዓት ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ፣ ከረጢቱን ከመስጠታቸው በፊት ከፍ አድርጋ ይዛ ፎቶግራፍ እንድትነሣ ጠየቋት። በአንድ እጇ ከረጢቱን ይዛ በሌላው ፊቷን ስትጋርድ፣ አንሺው እጅሽን አውርጂ አላት፤ አወረደችው። እህሉን በላነው፤ ያቺ እጅ ስትወርድ ያየሁትን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለት ሰዎች ቤታችን መጡ፤ አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሌላው ወጣት ነበር። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። በእጃቸው ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። እናቴ የምታቀርበው ባለመኖሩ ተሸማቅቃ ቆማ ሳለች፣ ሽማግሌው ውሃ ጠምቷቸው እንደሆነ ነግረው አንድ ብርጭቆ ውሃ እንድትሰጣቸው ለመኗት። ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ አጥባ ቀድታ ሰጠቻቸው፤ እርሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀብለው ቀስ ብለው ጠጡ። በእውነት ጠምቷቸው እንደነበር ዛሬ እጠራጠራለሁ። ነገር ግን እናቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤቷ እመቤት ሆና እንግዳ ስታስተናግድ ያየሁት ያኔ ነው። ወጣቱ ከእኔ ጋር ስለ ትምህርቴ ሲጫወት ቆየ። ሲወጡ በራችን ከማጠፊያው ላልቶ መሬት እየጎተተ መዘጋቱን ሽማግሌው ልብ ብለው አዩት፤ ምንም አልተናገሩም። በሳምንቱ ሲመለሱ ከኪሳቸው ብሎንና መፍቻ አውጥተው ተንበርክከው ሲጠግኑት ወጣቱ በሩን ደግፎ ያዘላቸው። ከሄዱ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ከደብተሬ ሥር የቤት ኪራይ የሚሸፍን ገንዘብ በፖስታ ታሽጎ አገኘን። እናቴ ሥራ አግኝታ ችግራችን ካለፈ በኋላ እንኳ መምጣታቸውን አላቋረጡም፤ በዚያን ጊዜ የሚመጡት ለመጠየቅ ብቻ ነበር።

ቤተሰባችን የካቶሊክ እምነት ተከታይ አልነበረም፤ እኔም ዛሬ አይደለሁም። ሃይማኖታችሁ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀን፣ ወደ እኛ ኑ ብሎ የሰበከንም አልነበረም። የማኅበሩ ደንብ አባላቱ ማንኛውንም ችግረኛ በእምነቱ፣ በዘሩ ወይም በአመለካከቱ ሳይለዩ እንዲያገለግሉ እንደሚያዝዝ የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አድጌም አንድ ጊዜ በስብሰባቸው ላይ በእንግድነት የመገኘት ዕድል አግኝቼ ነበር። በጸሎት ከጀመሩ በኋላ የሳምንቱን ጉብኝት አንድ በአንድ ተነጋገሩበት፤ የሰው ገመና ስለሆነ የተነገረው ሁሉ ከዚያ ክፍል አልፎ እንደማይወጣ አስቀድመው አስገነዘቡኝ። በመጨረሻ ከጨርቅ የተሰፋች ከረጢት ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። እያንዳንዱ የተጨበጠ እጁን ያስገባል፣ ዘርግቶ ያወጣል። ማን ምን ያህል እንደሰጠ፣ ማንስ ባዶ እጁን አስገብቶ እንዳወጣ አይታወቅም። ቀኝ እጅህ የምታደርገውን ግራ እጅህ አትወቅ የሚለው ቃል ሲፈጸም በዓይኔ ያየሁት በዚያ ቀን ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ የድህነትን ምክንያት ሳይነካ ቁስሉን ብቻ ያስታምማል የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ትችቱም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ኦዛናም ራሱ ግን ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። እርሱ እንደሚለው፣ በወንበዴ ለተደበደበው መንገደኛ ቁስል ላይ ዘይት የሚያፈስሰው ደጉ ሳምራዊ የፍቅር ሥራ ምሳሌ ሲሆን፣ ድብደባው ከነጭራሹ እንዳይደርስ መከላከል ደግሞ የፍትሕ ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 ፈረንሳይ በአብዮት ስትናወጥ፣ ትርጉሙ አዲስ ዘመን የሆነውን «ሌር ኑቬል» የተባለ ጋዜጣ ከአቻዎቹ ጋር አቋቁሞ ስለ ሠራተኛው መብት ጽፏል። ድሃው ሥርዓቱ እስኪስተካከል ሳይበላ መጠበቅ እንደማይችል፣ ዳቦ የሰጠም ስለ ፍትሕ ከመናገር ነጻ እንደማይወጣ ሁለቱንም በአንድነት የያዘ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1853 ገና በ40 ዓመቱ ማርሴይ ውስጥ ዐረፈ፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ብፅዕናውን ያወጁት እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 1997 በፓሪስ ኖትር ዳም ካቴድራል ነው።

ማኅበሩ ጉድለት አልነበረበትም አልልም። በመነኩሲት ምክር የተጀመረ ሥራ ሆኖ ሳለ ለረጅም ዘመን ሴቶችን በአባልነት አልተቀበለም። እ.ኤ.አ. በ1856 ቦሎኛ ውስጥ ሴቶች የራሳቸውን ተመሳሳይ ማኅበር መሠረቱ፤ ሁለቱ የተዋሐዱት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ዛሬ ግን በ150 ገደማ አገሮች ውስጥ 800,000 ያህል ወንዶችና ሴቶች በአባልነት ያገለግላሉ፤ አብዛኞቹም የቀን ሥራቸውን ጨርሰው የሰው በር የሚያንኳኩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ስለዚህ ክቡር አዘጋጅ፣ ጋዜጣዎን ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2033 የማኅበሩ ሁለት መቶኛ ዓመት እስኪደርስ ሳይጠብቁ፣ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ለጉብኝት የሚሄድ አንድ ዘጋቢ መድበው ያየውን በሙሉ ገጽ እንዲጽፍ እንዲያደርጉ ነው። ሁለተኛው፣ ያ ጽሑፍ ሲወጣ የተጎበኙት ሰዎች ስምም ሆነ ፎቶግራፍ አብሮ እንዳይወጣ ነው። ሥዕል የግድ ካስፈለገ፣ የሚያንኳኳ እጅና የተዘጋ በር ብቻ ይታይ። ሽማግሌው መምህር ከብዙ ዓመታት በፊት ዐርፈዋል፤ ስማቸውን ያልጠቀስሁት በሕይወት ቢኖሩ እንደማይፈቅዱልኝ ስለማውቅ ነው። የጠገኑት በር ግን እናቴ ከዚያ ቤት እስከወጣችበት ቀን ድረስ መሬት ሳይነካ ይዘጋ ነበር።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የጋዜጣዎ የዘወትር አንባቢ