ብቻህን አትሩጥ

ይድረስ ለማሙሽዬ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደኅና ነን፤ የእናትህም ወገብ ተሽሏታል። የምጽፍልህ በስልክ ከጀመርኩት ድምፄ እንዳይሰበርብኝ ነው። እህትህ ነገረችኝ። እንዳትቆጣት፤ እኔ ነኝ አፋጥጬ ያወጣጣኋት። የቡድኑን ማሊያ ለብሰህ፣ ጠዋት ልምምድ ላይ ሳለህ፣ አንዱ በመስኮት አይቶ ፖሊስ ጠርቶብህ 40 ደቂቃ ሙሉ ላብህ እየደረቀ ብርድ ላይ አስቀመጡህ አሉ። እሑድ ስትደውል ግን «ልምምዱ ጥሩ ነው አባዬ» ነው ያልከኝ።

ብቻህን አትሩጥ። አጥፍተሃል ማለቴ አይደለም። ግን ብቻህን አትሩጥ።

እኔ ያደግሁት ሽሮ ሜዳ ነው። የእንጦጦን ዳገት እየሮጥን ስንወጣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ከነሸክማቸው ጥግ ይይዙልንና «እንቅፋት አይምታህ ልጄ» ይሉን ነበር። የሚሮጥ ልጅ በሚመረቅበት አገር አድጌ፣ ጥቁር ልጅ ሲሮጥ ምን ሰርቆ ነው በሚባልበት አገር ወለድኩህ።

ያን ቅዳሜ ታስታውሳለህ? 9 ዓመትህ ነበር። 800 ሜትሩን ሁሉንም ጥለህ ገባህ። የአንዱ ልጅ እናት «ይሄ 9 ዓመቱ አይመስልም» አለች፤ ዳኛው የልደት ወረቀትህን ጠየቀኝ። የሌላውን ልጅ ማንም አልጠየቀም። እኔ ምን አደረግሁ? ፈገግ ብዬ «ችግር የለም» አልኩና ታክሲዬን አስነስቼ ከቤት አመጣሁላቸው። ስመለስ ሜዳሊያውን ገና አልሰጡህም፤ አጥሩ ጋ ቆመህ እግርህን ታያለህ። መኪና ውስጥ «ለምን እኔን ብቻ?» ስትለኝ «እኛ ሐበሻ ነን፤ የጥቁርና የነጭ ነገር እኛን አይመለከተንም» አልኩህ። ያን ቃል ስንት ሌሊት ሳመነዥከው አደርኩ መሰለህ።

ያን ጥቁር ወጣት፣ አሞድ አርበሪንም እንዲሁ አደረግሁት። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2020 እዚሁ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ ሲሮጥ፣ አባትና ልጅ ሆነው ከጎረቤታቸው ጋር በመኪና አሳድደው ሲገድሉት 25 ዓመቱ ነበር። እስኪያዙ ድረስ ከሁለት ወር በላይ ፈጀ። አንተ ለዚያ ቀን መታሰቢያ 2.23 ማይል ልሩጥ ስትለኝ «አንተን ምን አገባህ» አልኩህ። ሮጠህ መጣህ፤ እራት ላይ አላናገርኩህም።

የማሞ ወልዴን የሜክሲኮ ማራቶን ስንቴ አውርቼልሃለሁ፤ አበበ አቋርጦ ሲወጣ ማሞ ወርቁን እንዴት እንዳመጣው። ከዚያ አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ በዚያው ስታዲየም፣ ጥቁር አሜሪካውያኑ ሯጮች ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ የ200 ሜትር ሜዳሊያቸውን ሊቀበሉ ጫማቸውን አውልቀው፣ የጥቁሩን ድህነት ለማሳየት በጥቁር ካልሲ ቆመው ጡጫቸውን እንዳነሱ፣ ከቡድኑም እንደተባረሩ የሰማሁት ግን ካንተ ነው። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጠ ሲባል እንባዬ የሚመጣ ሰው፣ የእነሱን ካልሲ የሰው ጉዳይ አድርጌው ኖርኩ።

እንግዲህ ስማኝ። ብቻህን አትሩጥ። መታወቂያህን ካልሲህ ውስጥ አድርግ። ካስቆሙህ እጅህ ይታያቸው፤ ወደ ኪስህ እንዳትሰደው። የዚያን ጠዋት ነገር አሠልጣኝህ በጽሑፍ እንዲይዘው ጠይቀው፤ ተወው ካለህ እኔ ራሴ አነጋግረዋለሁ። በዚህ ቀልድ የለም። በሶውን እርጥበት እንዳይነካው በደንብ ክደነው። የመኪናህን ዘይት ቀይር፤ ጊዜው አልፏል።

ያ የልደት ወረቀት እስከ ትናንት ድረስ መኪናዬ ውስጥ ነበር፤ እንደገና ቢጠይቁን እያልኩ ስንት ዓመት ይዤው ዞርኩ። ማታ አውጥቼ ለእናትህ ሰጠኋት።

ቅዳሜ ሥራ አልገባም፤ ለውድድርህ እንመጣለን። እናትህ ድፎ ዳቦ ልትደፋ ነው፤ አብረውህ የሚሮጡት ልጆች ስንት እንደሆኑ ጻፍልኝ። እስከዚያ ግን፣ በእናትህ ሞት፣ ብቻህን አትሩጥ።

አባትህ