ጃፓኖቹ አይጮሁም፣ ይዘፍናሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ባለፈው በመዝናኛ ገፃችሁ ስለ ኤዥያ ሙዚቃ የወጣውን ፅሁፍ አንብቤ ነው ምፅፍላችሁ። ስለ ኮሪያዎቹ የተባለው ጥሩ ነው፣ እዚህ ደብረ ብርሃንም ብዙ ልጆች ይሰሟቸዋል፣ ጃፓን ላይ ሲደርስ ግን "ወንዶቹ ሳይቀሩ በቀጭን ድምፅ ይጮሃሉ" ተብሎ በአንድ አረፍተ ነገር ታለፈ። በጣም ነው ቅር ያለኝ። ጩኸት አይደለምኮ! ከፍ ባለ ድምፅ መዝፈን የቻለ ሰው ስንት ዓመት እንደለፋበት ሚያውቅ ሰው እንዲህ ብሎ አይፅፍም፣ እና እባካችሁ ይሄን ደብዳቤ አውጡልኝ።

አንድ ዘፈን ልጥቀስ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1997 የወጣ የሃያኦ ሚያዛኪ አኒሜሽን ፊልም አለ፣ ልዕልት ሞኖኖኬ ይባላል፣ ሙዚቃውን የሰራው ጆ ሂሳይሺ ነው፣ ዋናውን ዘፈን የዘፈነው ደግሞ ዮሺካዙ ሜራ። ሜራ ወንድ ነው። እኔ በስልኬ ያሰማኋቸው ሰዎች በሙሉ "ማናት እሷ?" ነው ያሉኝ፣ ወንድ ነው ስላቸው አያምኑኝም፣ ቪዲዮውን ማሳየት ነበረብኝ። ካውንተርቴነር ነው ሚባለው እንዲህ አይነቱ ዘፋኝ፣ በክላሲካል ትምህርት የተገራ ድምፅ ነው። እስቲ ልብ ብላችሁ ስሙት፣ ወደ ላይ ሲወጣ ጉሮሮው አይታነቅም፣ ከፍ ባለ ቁጥር ድምፁ እየጠራ ነው ሚሄደው፣ ቃሉን ጨርሶ እንኳን ኖታው ሳይንቀጠቀጥ ትንሽ ይቆያል ከዛ ቀስ ብሎ ይጠፋል። ሚጮህ ሰው ይሄን አይችልም። መጮህ ማለት ያለህን አየር በአንዴ መግፋት ነው፣ ይሄ ደግሞ አየርን ቆጥቦ በልክ በልኩ መልቀቅ ነው።

ነገሩ የሰውነት ስራ ነው። ማንቁርታችን ውስጥ ያሉት ሁለቱ የድምፅ አውታሮች ወንድ ሲያወራ በሰከንድ መቶ ምናምን ጊዜ ይርገበገባሉ፣ ሴት ስታወራ 200 አካባቢ ይደርሳሉ። ኪቦርድ ላይ መሃል አካባቢ ያለው ላ ሚባለው ኖታ በሰከንድ 440 ጊዜ ነው፣ ከሱ በላይ ያለው ዶ 523 ገደማ፣ እና አንድ ወንድ እዛ ላይ ወጥቶ ግጥም ሚናገር ከሆነ አውታሮቹ ከወሬው ድምፅ አራት እጥፍ በላይ እየፈጠኑ ነው ማለት ነው። ለዛ ደግሞ ልክ እንደ ክራር ጅማት መከረር አለባቸው። ፋልሴቶ ሚባለው ቀጭን ድምፅ ላይ አውታሮቹ ይሳሱና በዋናነት ጠርዛቸው ነው ሚርገበገበው፣ ለዛ ነው ድምፁ ቀለል ብሎ አየር አየር ሚለው። በደረት ድምፅ፣ ማለትም ስናወራ በምንጠቀመው ሙሉ ድምፅ፣ እዛው ከፍታ ላይ መውጣት ደግሞ ሌላ ጉልበት ነው፣ ሁለቱን አቀላቅሎ መገጣጠሚያው ሳይሰማ መሻገር ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል።

መሻገሩን መስማት ሚፈልግ ሰው ኪንግ ኑ ሚባለውን ባንድ ይስማ፣ ሃኩጂትሱ ሚለው የ2019 ዘፈናቸውን። አንዱ ዘፋኛቸው ሳቶሩ ኢጉቺ ያለ ከበሮ በፋልሴቶ ነው ሚጀምረው፣ መሸሸጊያ የለውም፣ ትንሽ ቢሳሳት ያኔውኑ ይታወቅበታል። ከዛ ሌላኛው ዘፋኛቸው ዳይኪ ትሱኔታ በሻካራ ወፍራም ድምፁ ይገባል፣ የኢጉቺ ቅጥነት ያኔ ነው ይበልጥ ሚገባህ። ኢጉቺ ቶክዮ የኪነጥበብ ዩኒቨርሲቲ ድምፅ የተማረ ልጅ ነው፣ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ሚሲስ ግሪን አፕል ሚባለው ባንድ ውስጥ ያለው ዘፋኝ ሞቶኪ ኦሞሪም እንደዛው ነው፣ በአንድ መስመር ውስጥ ከደረት ወደ ፋልሴቶ ዘሎ ይመለሳል፣ በ2023ም በ2024ም የጃፓንን ትልቁን የሪከርድ ሽልማት ወስደዋል።

ኤክስ ጃፓን ሚባለው የሮክ ባንድ ዘፋኝ ቶሺ ሌላ ነገር ነው። ኩሬናይ ሚለውን የ1989 ስራቸውን ስሙ፣ በዝግታ ይጀምርና ከበሮው ሲገባ ፍጥነቱ ያስደነግጣል፣ እሱ ደግሞ ከዛ ሁሉ ጊታር በላይ በሙሉ ድምፁ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ፀሐፊው ጩኸት ያለው ይሄን ሰምቶ ከሆነ ይገባኛል፣ ሮክ ስለሆነ ያስቸግራል፣ ግን ሁለት ሶስቴ ሲሰማ ኖታው ቦታው ላይ ነው፣ እየሳተ አይደለም። ከሴቶቹ ሚሲያ አለች፣ ናጋሳኪ የተወለደችው፣ በ1998 በወጣው የመጀመሪያ ዘፈኗ ላይ እንደ ፉጨት ቀጥኖ ሚወጣ ድምፅ ታሰማለች፣ ሰው ነው ወይስ መሳሪያ ያስብላል። በ2021 የቶክዮ ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ የሀገሪቱን መዝሙር የዘመረችው እሷ ናት፣ ያን ትልቅ ባለብዙ ቀለም ቀሚስ ለብሳ፣ በቲቪ ያየ ሰው ያስታውሳታል።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የነካኝ አማሚ ሚባለው ደሴት ነው፣ በክዩሹና በኦኪናዋ መሃል ያለ። እዛ ያለው የጥንቱ የገጠር ዘፈን ሺማ ኡታ ሲሆን ወንዱም ሴቱም ከደረት ድምፅ ወደ ፋልሴቶ እየሰበሩ ነው ሚዘፍኑት፣ ባለ ሶስት ክሩን ሳንሺን እየመቱ። በዛ ድምፅ ያደገችው ሃጂሜ ቺቶሴ በ2002 በፖፕ ዘፈን ይዛው ወጥታ ሀገሩን በሙሉ አሰማችው። ቅላፄው ሚሰበርበት ቦታ፣ አምስቱ ኖታ፣ ግጥሙ መሃል ላይ ድምፁ ሚንጠለጠልበት መንገድ፣ እኛ ሀገር አምባሰልና አንቺ ሆዬ ሰምቶ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። እናቴ መሃል ሜዳ ነው ያደገችው፣ ቺቶሴን ሳሰማት ቋንቋውን አልጠየቀችኝም፣ "ይቺስ አንጀት ትበላለች" ብላ ስራዋን ትታ ቁጭ አለች። የኛ ቤተክርስቲያንስ? ከሶስቱ የቅዱስ ያሬድ ዜማ አራራይ ቀጠን ያለው የሚያራራው አይደል እንዴ፣ የኔታ ጋር የተማረ ወንድ ሁሉ ያዜመዋል፣ ማንም ሴት መሰልክ አይለውም።

ይሄን ሁሉ ያስባለኝ አንድ ጎረቤቴ የሆነ ልጅ ነው። የአስረኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ይዘፍናል፣ ድምፁ ከፍ ያለ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ጠባሴ መንገድ ላይ በብርዱ እየሄደ ሲያንጎራጉር ሰው ዞር ብሎ ያየዋል። ለአንድ ፕሮግራም ሲለማመዱ "ድምፅህን አወፍር፣ እንደ ወንድ ዝፈን" አሉትና ስኬሉን አወረዱበት፣ ዘፈኑም በጉሮሮው ውስጥ ቀረ፣ ምንም ሳይሰማ ወረደ። አሁን ልምምድ መሄድ ትቷል። ጃፓን ቢሆን ካራኦኬ ቤት፣ ሰው በተቀዳ ሙዚቃ ላይ ሚዘፍንበት ቤት፣ ገብቶ ስኬሉን ከፍ ዝቅ ሚያደርገውን ቁልፍ እየነካ ለድምፁ ሚስማማውን ራሱ ያገኘው ነበር፣ በዛ ማሽን ስንት ሰው ድምፁን አውቋል። እኛ ጋር ማሽኑ ባይኖርም ኪቦርዲስቱ ትራንስፖዝ ሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ስኬሉን ሁለት ሶስት ከፍ ማድረግ ይችላል፣ ደቂቃ አይፈጅም፣ ልጁን "የት ላይ ይመችሃል?" ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው ሚያስፈልገው።

እና ምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ በመዝናኛ ገፃችሁ ስለነዚህ ዘፋኞች አንድ ሙሉ ፅሁፍ አውጡ፣ ሙዚቃ ሚያውቅ ሰው አፃፉበት፣ የዘፈኖቹን ስም በትክክል ፃፉልን ሰው ዩትዩብ ላይ ፈልጎ እንዲያገኝ፣ ዳታ ለሌለው ደግሞ ድምፁን ብቻ በቴሌግራም መላላክ ይቻላል። ሁለተኛ በየትምህርት ቤቱና በየወረዳው የድምፅ ውድድር ምታዘጋጁ ሰዎች ይሄን ምታነቡ ከሆነ ልጆቹን በራሳቸው ስኬል አዘፍኗቸው፣ ቀጭን ነው ብላችሁ ነጥብ አትቀንሱባቸው። ለጎረቤቴ ልጅ የሜራንና የኢጉቺን ዘፈን ልኬለታለሁ፣ የጋዜጣችሁን ፅሁፍ ደግሞ ሲወጣ ቆርጬ እሰጠዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን