«ለበጎ ነው» ለማለት አትቸኩሉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ በውጭ ዜና ገጽ ላይ፣ ከሀሪኬን ሸሽተው ስለወጡ የፍሎሪዳ ቤተሰቦችና ስላገኙት «ያልታሰበ በረከት» የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ልብ የሚነካ ነው። ነገር ግን ጸሐፊው ነፋሱን ባለውለታ አድርጎ ለማመስገን ጥቂት ነው የቀረው። እኔም እንዲህ ያለው በረከት የደረሰው ቤተሰብ ስላለኝ፣ ነገሩ ከውስጥ ሲታይ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ።

ታናሽ እህቴ ከባለቤቷ፣ ከልጆቿና ከአማቷ ጋር ታምፓ ከተማ ትኖራለች። ታምፓ በፍሎሪዳ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ወደ የብስ ገባ ብሎ በሚያርፍበት ቦታ ያለች ናት። ባሕሩ እዚያ ጥልቀት የለውም። የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገና ቤቱን ሲገዙ ነግሬያቸው ነበር፤ ማን ሰምቶኝ! ነፋሱ ውኃውን ወደ ዳርቻው ሲገፋው ወደ ታች የሚሸሽበት ጥልቀት ስለሌለ ከፍ ብሎ ከተማው ውስጥ ይገባል። ሀሪኬን ሰው የሚገድለው በአብዛኛው በውኃ ነው፤ ነፋሱ ስሙን ይዞ ይዞራል እንጂ። (በነገራችን ላይ አትላንቲክን አቋርጠው አሜሪካ ከሚደርሱት ኃይለኛ ሀሪኬኖች ብዙዎቹ የሚጀምሩት በክረምታችን ወራት ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎችና ከዳርፉር ተራሮች አካባቢ ከሚነሳ የአየር ሞገድ ነው። እህቴን ከቤቷ ያስወጣት፣ አሁን የማወራለት ግን የተወለደው እዚያው ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ስለሆነ በእኛ አይመካኝም።)

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ሁለት ሀሪኬኖች በሁለት ሳምንት ልዩነት መጡባቸው። የመጀመሪያው፣ ሄሌን የተባለው፣ እኛ ደመራ አብርተን ባደርንበት ሌሊት፣ ለመስቀል ንጋት ላይ በሰዓት 225 ኪሎ ሜትር በሚምዘገዘግ ነፋስ የፍሎሪዳን ሰሜናዊ ዳርቻ መታ። ከታምፓ ርቆ ቢያልፍም የገፋው ውኃ የከተማዋን የባሕር ዳር ሰፈሮች አጥለቀለቀ። የጎረቤቶቻቸው የራሰ ሶፋና ፍራሽ መንገድ ዳር ተቆልሎ ገና ሳይነሳ ሚልተን ተከተለ። ሚልተን በአንድ ቀን ልዩነት ከአንደኛ ደረጃ ወደ መጨረሻው፣ ወደ አምስተኛው ደረጃ ዘለለ፤ ነፋሱም በሰዓት ወደ 290 ኪሎ ሜትር ደረሰ።

እዚያ አገር የባሕር ዳር ሰፈሮች ውኃ እንደሚያሰጋቸው መጠን በፊደል ተመድበዋል፤ «ኤ» የተባለው ሰፈር ሰው ቀድሞ ይወጣል። የእህቴ ቤት «ኤ» ላይ ነው። «ውጡ» ተባሉ። ወዴት?

እዚህ ላይ ነው በረከት የተባለው ነገር የሚጀምረው። አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት፣ የእህቴ ባለቤት የአክስቱ ልጅ አለ። ሁለቱ ወንድማማቾች ለዓመታት አይነጋገሩም ነበር። የተጣሉት ፒያሳ በነበረው የአያታቸው ቤት ውርስ ነው። ከዚህ ሽማግሌ ልከናል፤ የእድራችን ዳኛ ሳይቀሩ በስልክ ገብተውበት አልሆነም። የሚያስቀውም የሚያሳዝነውም፣ ቤቱ ራሱ በ2016 የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ አብሮ ፈርሷል። ቤቱ ሄደ፣ ጠቡ ቀረ።

የደወለችው የዚያ ሰው ሚስት ናት። ሰላምታ እንኳን አላበዛችም። «ቤታችን ጠባብ ነው፤ ፍራሽ ግን አለ። እትዬን ይዛችሁ ዛሬውኑ ውጡ፤ ነገ መንገዱ አይታለፍም» አለቻት እህቴን። እትዬ የተባሉት የእህቴ አማት ናቸው፤ ለደዋይዋ ባል ደግሞ አክስቱ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደጉት።

በደህናው ቀን የሰባት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። በዚያን ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ወሰደ፤ ነዳጅ ማደያዎች ባዶ፣ ሰባ አምስት ቁጥር አውራ ጎዳና ከዳር እስከ ዳር መኪና። እትዬ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ረስተው በርበሬያቸውን ይዘው ነበር የወጡት። ክላርክስተን ሲደርሱ ባልየው የሌሊት ሥራ ላይ ነበር። ጠዋት ሲመለስ አክስቱን በገዛ አልጋው ላይ ተኝተው አገኛቸው። እህቴ እንደነገረችኝ ምንም ሳይናገር አጎንብሶ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ከዚያ ወጥቶ መድኃኒታቸውን ሊያፈላልግ ሄደ። የእህቴ ባል ሳሎን ፍራሽ ላይ ተኝቶ ይህን ሁሉ እያየ የተኛ መሰለ። ከሰዓት በኋላ አብረው የመኪናውን ጎማ ሲቀይሩ ተነጋገሩ። ስለ ውርሱ እስከ ዛሬ አላነሱም፤ የሚነሳም ነገር የለም።

ሌላም አለ። ልጆቹ ከዘመዶቻቸው ልጆች ጋር አንድ ክፍል አድረው አሁን በየሳምንቱ ይደዋወላሉ። እትዬ ደግሞ በእግር የሚደረስ ቤተ ክርስቲያን፣ እንጀራ የሚሸጥ ሱቅና ቡና የሚጣጡት ጎረቤት አግኝተው «እኔ አልመለስም» አሉ፤ እስከ ጥምቀት እዚያው ቆዩ። እህቴ ልጅ የሚጠብቅላት አጥታ ስትቸገር እርሳቸው ቡናቸውን ይጠጡ ነበር። ይህም በበረከት ይቆጠራል፤ የማን በረከት እንደሆነ ግን ሰው ይለያል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ሚልተን በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ፣ መስከረም 30 ሊነጋ ሲል፣ ከታምፓ በስተ ደቡብ ሲየስታ ኪ በተባለች ደሴት አካባቢ አረፈ። ከዚህ የተነሳ በታምፓ በኩል ነፋሱ የነፈሰው ከየብስ ወደ ባሕር ነበር፤ ውኃውን ከከተማዋ ጠርጎ አወጣው። የእህቴ ቤት ዳነ። በደቡብ በኩል ሳራሶታ አካባቢ ግን ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ ስለነበር ውኃው ቤት ገባ። በምሥራቁ ዳርቻ ደግሞ ሀሪኬኑ ራሱ ሳይደርስ ከእርሱ የተወለዱ አውሎ ነፋሶች ሰው ገደሉ። ሚሊዮኖች መብራት አጡ። አንድ ነፋስ ነው ይህን ሁሉ ያደረገው። «ለበጎ ነው» የሚለው ሰው ቃሉን ለእህቴ እንደሚናገረው ለሳራሶታዎቹም ደፍሮ ይናገረው እንደሆነ ልጠይቀው እወዳለሁ። በእህቴ መንገድ ላይ መኪና የሌላቸው አንዲት አዛውንት ነበሩ፤ ያን ሌሊት ያደሩት በመጠለያነት በተከፈተ ትምህርት ቤት ወለል ላይ ነው። የታረቃቸውም የተጣላቸውም ሰው አልነበረም።

እህቴን የጠቀማት ነገር ተቆጥሮ የሚያልቅ ነው፦ ሰፈሯ በፊደል መመደቡ፣ ትእዛዙ ቀድሞ መውጣቱ፣ በመንገዱ የሚከፈለው ቀረጥ ለዚያ ጊዜ መነሳቱ፣ የሞላ ነዳጅ፣ ከሁሉ በላይ ኩርፊያዋን ትታ ስልክ ያነሳች አንዲት ሴት። ጋዜጣችሁ ይህን ቢጽፍ እኛም እዚህ የምንማረው ነገር ይኖረን ነበር።

እኛም አገር ሰው ከቤቱ ይወጣል። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ሌሊት መሬት ስትንቀጠቀጥ፣ አራት ኪሎ የምንኖርበት ሕንፃ ነዋሪ በሙሉ በነጠላና በብርድ ልብስ ደረጃውን ወርዶ ግቢ ውስጥ ቆመ፤ ልክ ሕንፃው ቢወድቅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ። ወዴት ራቅ ብሎ መሰብሰብ እንደሚገባ የነገረን አልነበረም፤ እስከ ዛሬም የለም። በዚያው ሰሞን በአፋር ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ፣ በኦሮሚያም ከፈንታሌ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወጥተዋል። እነርሱን ማን አስጠጋቸው? ከብቶቻቸውስ የት ገቡ? ተኳርፎ የቆየ ዘመድ በሩን የከፈተላቸው አሉ ወይ? ስለ ፍሎሪዳ የሚተርክ ጽሑፍ በጋዜጣችሁ ሳነብ፣ ከዚህ የአንድ ቀን መንገድ እንኳን ስለማይሞላው ስለ አዋሽ ግን ከሬክተር ቁጥር ያለፈ ነገር አላገኘሁም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ዘጋቢ ወደ አዋሽ ላኩና የተጠጉትንም ያስጠጉትንም አነጋግሩ። ከዚያ ጎን ለጎን፣ መሬት ሲንቀጠቀጥ በፎቅ የሚኖር ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ከዘርፉ ባለሙያዎች ጠይቃችሁ ተቆርጦ በር ላይ በሚለጠፍ መጠን አትሙልን። በእኛ ሕንፃ የሚለጥፈው ሰው አይጠፋም፤ የጥበቃ ኃላፊያችንን ከወዲሁ አነጋግሬያቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ